ሞተር የማይደርስበት መንገድ፤ በብስክሌት ከሎጎ ሐይቅ እስከ አርዲቦ

ደሴ ውስጥ ብስክሌት ይዞ የታየ ሰው ከሁለት ጥያቄ አያመልጥም። አንዱ «ይህን ሁሉ ዳገት በዚህ ትወጣዋለህ?» የሚል ነው፤ ሌላው «መኪና አትፈራም ወይ?» የሚል። ለፊተኛው መልስ አለኝ፤ ዳገት በማርሽና በትዕግሥት ይወጣል። የኋለኛው ግን የምር ጥያቄ ነው። እፈራለሁ። በዋና መንገዶቻችን ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው መፍራቱ ተገቢ ነው ብዬም አምናለሁ። ፍርሃቱ ግን ከብስክሌት አላወረደኝም፤ መንገድ መምረጥ አስተማረኝ። መምረጥ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ወሎ ውስጥ ተወልጄ አድጌ የማላውቀው ወሎ እንዳለ አየሁ።

የአካባቢውን አቀማመጥ ልብ ላለው ነገሩ ግልጽ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእርሷ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ 650 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት አለ፤ ዋነኛው መውረጃም ሐረጎ ነው። ሐረጎን የማያውቅ የወሎ መንገደኛ የለም። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የተፈለጠ ተራራ፣ መሐል ላይ ተሳቢውን እየጎተተ የሚያቃስት ከባድ መኪና፣ ከኋላው ትዕግሥቱ ያለቀ ሚኒባስ። ጉም የወረደ ጠዋት ደግሞ የሚቀድመውም የሚቀደመውም አይተያዩም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለብስክሌት የሚተርፍ ስንዝር መሬት የለም። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድም የጅቡቲ ጭነት መተላለፊያ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደውም እንዲሁ የአዲስ አበባና የመቐለ መስመር ስለሆነ ቀን ከሌት አያርፍም። አካባቢያችን ከድሮ ጀምሮ የመንገዶች መገናኛ ነው፤ ይህ ለንግድ በረከት ሆኗል፣ ለብስክሌተኛ ግን መከራ ነው።

ስለ ብስክሌት ስናገር ስለ ውድድር እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር። ውድድሩን አከብረዋለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949ኙ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በአውሮፓውያኑ 2016 በቱር ደ ፍራንስ በመካፈል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ የምናገረው ግን ስለ ጉብኝት ነው፤ ከኋላ መጫኛው ላይ ቆሎና ውሃ አስሮ፣ ደክሞት ሲወርድ እየገፋ፣ ዛፍ ጥላ ሥር እያረፈ ስለሚሄድ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ዋና ፍላጎቱ ፍጥነት ሳይሆን ከኋላው ምን እየመጣ እንደሆነ ሳያስብ ወደ ፊት ማየት ነው። ሞተር በሌለበት መንገድ ላይ ከሸለቆው ማዶ እረኛ ሲጣራ ይሰማል፤ የካቴናው ድርቀት ይሰማል፤ ሴቶች ከምንጭ ሲመለሱ የሚያወሩት ሰዎቹ ከመታየታቸው በፊት ይደርሳል። ይህን አንዴ የለመደ ሰው ወደ አስፋልት መመለስ ይከብደዋል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ መንገድ የሚፈልግ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳነብ አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። ብዙዎቹ የሚሄዱት በኮረብታ ወደተከበቡ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነው። በእንግሊዝ ፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የደርዌንት ሸለቆ ግድቦች አሉ። ሀውደን በ1912፣ ደርዌንት ደግሞ በ1916 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠናቀቁ፤ ሦስተኛው ሌዲባወር በ1940ዎቹ ተጨመረ። በሸለቆው ሽቅብ የሚሄደው መንገድ ቅዳሜና እሑድ ለመኪና ይዘጋል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ብቻ ይገባል። በቶኪዮ ዳርቻ ደግሞ ታማ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ውሃውን ወደ ከተማ የሚያወርደው ቧንቧ ከተቀበረበት መሬት በላይ ቀጥ ያለ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተዘርግቶ እስከ ኮረብታው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሐይቁ ዙሪያ ደን ነው።

እነዚህ ቦታዎች ከመኪና ነፃ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ የሚያጠራቅም ተቋም መሬቱን ይይዘዋል፣ ደን ያለብሰዋል፣ ሰው እንዳይሰፍርበት ይጠብቀዋል። ግድቡን ለመጠገን የተሠራው መንገድ ይቀራል፤ በዙሪያው ቤት ስለሌለ መኪና የሚፈልገውም የለም። ከዚያ በኋላ በሩን ለብስክሌተኛ መክፈት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ገፈርሳንና ለገዳዲን ይዛ እንዲህ ያለ ነገር ልታስብ ትችል ይሆናል።

የወሎ ሐይቆች ታሪክ ሌላ ነው። ግድብ የላቸውም፤ አጥርም፣ ዘብም የላቸውም። ገበሬው እስከ ውሃው ጠርዝ ያርሳል። በየኮረብታው ጫፍ ወይ መስጊድ ወይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በመካከሉ መንደር፣ ከመንደሩ መንደር የሚያገናኝ ቀጭን መንገድ። ያንን መንገድ ከመኪና ነፃ አድርጎ ያቆየው ሕግ ሳይሆን ዳገቱና ጭቃው፣ የመንገዱ ጥበትና የሰዉ ድህነት ነው። ማንም አልዘጋውም። ስለዚህ ማንም ሊከፍተው ይችላል። ይህ ሐሳብ ከያዘኝ ወዲህ ስጋቴ ከሐረጎ ተሳቢዎች ወደዚያ ቀጭን መንገድ ዞሯል።

እስኪ መንገዱን ላሳያችሁ።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን አልነዳውም፤ ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ለረዳቱ የጭነቱን እከፍላለሁ። ይህን የሚያዩ ጓደኞቼ ብስክሌት በመኪና ተጭኖ መሄዱ ያስገርማቸዋል። እኔ ግን ጉብኝቱን የምጀምረው ጉብኝቱ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። ሐይቅ ከተማ ወርጄ፣ ቁርስ በልቼ፣ ጎማዬን በእጄ ጫን ጫን አድርጌ አይቼ ወደ ምሥራቅ እታጠፋለሁ። ወደ ቢስቲማ የሚወስደው መንገድ የመኪና መንገድ ስለሆነ ከእርሱ እርቃለሁ።

ሎጎ ሐይቅ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ፣ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ነው። ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ውሃ ወይ ይተናል ወይ ይሰርጋል። ገዳሙ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወደ ውሃው በገባች ልሳነ ምድር ላይ ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርትና የመጻሕፍት ሥራ ያደራጁበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ደብር ነው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በበዓል ቀን መኪና ስለሚበዛበት ለብስክሌት የሥራ ቀን ይሻላል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ግቢ አይዘልቁም፤ ስለዚህ ከእህቶቼ ጋር ስሄድ ከውጭ ተሳልመን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገረውን አፈ ታሪክ የሰማሁትም በዚህ መንገድ ላይ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ ኖሮ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ ሲያደርገው እርሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች ይባላል። ዛሬ ልሳነ ምድር የሆነችው የገዳሙ ደሴት ያች ናት።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ አርዲቦ ነው። አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በ200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በኮረብታዎች ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ወንዝ ይተሳሰራሉ፤ የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል፤ በመካከል ገበሬው ለመስኖ ይጠልፈዋል። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ቢባል ዳገቱ በአማካይ ከመቶ አራት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሊወጣው የሚችል ነው። አማካይ ግን አታላይ ነው። መንገዱ እንደ ደረጃ ነው፤ ጥቂት ሜዳ ይሰጥና ድንገት ይቆማል። ቀጥ ባለበት ቦታ ከመቶ አሥርም በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የብስክሌት ፍጥነት ከእግረኛ ፍጥነት አይበልጥም፣ የፊት ጎማም ይንገዳገዳል። የሚያድነው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የፊተኛው የጥርስ ቁጥር ከኋለኛው እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ካልሆነ ጉልበት ይጎዳል። ያ ማርሽ የሌለው ሰው ወርዶ ይግፋ፤ በዚያ መንገድ መግፋት ነውር የለውም፤ የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ በእግራቸው ናቸውና ወሬ ይገኝበታል።

አንድ ጠዋት በዚሁ ዳገት ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሳለ ሁለት ከረጢት እህል የጫነች አህያ የሚነዱ እናት ደረሱብኝ። አህያዋ ብስክሌቱን አይታ ጆሮዋን ቀሰረች፤ እኔም ወደ ጠርዙ ወጥቼ ቆምኩ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«አርዲቦ ድረስ ነው እናቴ።»

ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱስ ደግ ነው፤ አያስደነብርም» አሉ። «ያኛው ሞተሩ ሲመጣ አህያዬ ከነጭነቷ የሰው ማሳ ውስጥ ትገባብኛለች። ከዚያ በኋላ ከባለማሳው ጋር ስነታረክ ገበያው ያልፍብኛል።»

ከዚያ ወዲህ ስለ መንገድ በተነሳ ቁጥር ይህ ቃላቸው ትዝ ይለኛል። እኔ ስለ ጸጥታና ስለ መልክዓ ምድር ሳስብ እርሳቸው የሚያስቡት ስለ ረገፈ እህልና ስለ ባለማሳ ነው፤ የምንፈልገው ግን አንድ ዓይነት መንገድ ነው። ብስክሌተኛው የራሱን መንገድ ከጠየቀ ጥያቄው የጥቂቶች ቅንጦት ይሆናል። የእኚህን እናት መንገድ እንዲጠበቅ ከጠየቀ ግን ለእርሱም ይበቃዋል፤ ለእርሱ የተለየ ነገር መሥራት አያስፈልግም።

አርዲቦ ከላይ ሲታይ አጥር የሌለው ትልቅ ግቢ ይመስላል። ዙሪያውን ኮረብታ ነው፤ በኮረብታው ላይ ባሕር ዛፍ፣ አልፎ አልፎ የሐበሻ ጽድና ወይራ፤ ከታች የታረሰ መሬት፣ ከዚያ ውሃው። እኔ ዘወትር የማርፈው ከወንዙ መውጫ አጠገብ ነው። ከዚያ ላይ የሎጎ ሐይቅን ዓሣ እያስታወስኩ ስለ ሁለቱ ውሃዎች አስባለሁ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሎጎ ሐይቅ ከገባ ወዲህ በሐይቅ ከተማ ዓሣ መብላት የተለመደ ሆኗል። የአርዲቦ ዳርቻ ከሎጎ ይልቅ ጭር ያለ ነው። ያ ጭርታ ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ስለ ሌሎቹ መንገዶች ባጭሩ ልለፍ። ከደሴ ደቡብ ምሥራቅ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ማይባር አለ፤ ትንሽ የደጋ ሐይቅ ነው፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ዳገቱም ከአርዲቦ ይብሳል። ቦሩ ሜዳ ደግሞ ዳገት ለማይወድ ሰው ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ያ ሰፊ ሜዳ ለጀማሪ ልጆች መልመጃ ይሆናል፤ በሜዳው ውስጥ ባሉት የእግር መንገዶች ላይ መኪና አይታይም። ነፋሱ ግን ከሰዓት በኋላ አያስነዳም።

ወደ ታች ስለ መውረድ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና። ዳገት ያደክማል፤ ቁልቁለት ይሰብራል። በብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ላይ የተጠራቀመው ኃይል ሁሉ ሲወረድ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም በፍሬኑና በነፋስ ነው። ፍሬኑ የጎማውን ቸርኬ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ከጋለ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ፍሬን ይዞ መክረም አይገባም፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ደግሞ ያዝ ማለት ነው። ቀና ብሎ ደረትን ለነፋስ መስጠትም ፍጥነት ይቀንሳል። ኮረት ላይ ደግሞ የፊቱን ፍሬን ጨምድዶ መያዝ ማለት በመሪው ላይ መገልበጥ ማለት ነው። ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ ልጆች ፍሬኑ የላላ የአባታቸውን ብስክሌት ይዘው ሐረጎን ሲወርዱ አይቻለሁና ነው።

ስለ ጎማ የማውቀውን ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ ያሉ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው። የውስጥ ጎማውን ነፍተው ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በእንጨት ጠቁመው ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ለመለጠፍ አይቸኩሉም። የውጭውን ጎማ ይገለብጡና ውስጡን በጣታቸው ጫፍ ዙሪያውን ይዳስሱታል። አንድ ቀን ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ድንገት ተኮማተረ፤ ከጎማው ውስጥ ከጥፍር የማይበልጥ የግራር እሾህ ስብራት አወጡ። «ይህ ካልወጣ ነገም ትመጣለህ» አሉኝ። ቆላማው አካባቢ እሾህ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ስወጣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ማለጠፊያ አይለየኝም። የጎማው ወርድ ሁለት ኢንች ያህል ቢሆን ለኮረት ይመቻል፤ ነፋሱንም ከአስፋልቱ ትንሽ ቀነስ ማድረግ ነው።

ጊዜውስ? በክረምት አይሞከርም። መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጎማና ፍሬን መካከል ይሞላና ብስክሌቱ አልንቀሳቀስ ይላል። በእኛ በኩል በልግም አለ፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የሚሻል ነው፤ መንገዱ ደርቋል፣ ገብሱና ጤፉ ይታጨዳል፣ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ስለሆነ መንገድ ቢጠፋ የሚጠየቅ አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ከመነሳት በፊት ለሚሄዱበት ቀበሌ ሰው ስልክ ደውሎ ሰላም መሆኑን መጠየቅ። ሰላም አይደለም ካሉ ይቀራል። እነርሱ የሚያውቁትን እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ስጋቴ ልመለስ።

ስለ ሐይቁ ልማት በተወራበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው አስፋልት ነው። «እስከ ውሃው ድረስ መኪና የሚገባበት መንገድ ቢሠራ እኮ» ይባላል። ከዚያ «ዙሪያውን የሚያዞር መንገድ»። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ አካባቢያቸው እንዲያድግ የሚመኙ ናቸው። ደግሞም ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ድረስ የወረደ ገበሬ ፊት ቆሜ «መንገድ አይሠራላችሁ» የማለት መብት የለኝም። አምቡላንስ መድረስ አለበት። እህሉም ወደ ገበያ በጊዜ መድረስ አለበት።

መንገድ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያደርስና የሚያሳልፍ። እያንዳንዱ መንደር ከዋናው መንገድ በኩል፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ መኪና የሚደርስበትና እዚያው የሚያበቃ መንገድ ይሠራለት። በሐይቁ ዳር ከመንደር መንደር የሚያሳልፈው ግን የእግረኛ፣ የአህያና የብስክሌት ሆኖ ይቆይ። እንዲህ ከሆነ አምቡላንሱ ይደርሳል፤ ለመዝናናት ዙሪያውን የሚሽከረከረው መኪና ግን መሄጃ የለውም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በሌላው ዓለም ከተሞችም ሳይቀር የሚሠራበት ነው። የሚያስፈልገውም ብዙ ገንዘብ አይደለም። ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከረጢት የጫነች አህያ ከዚያ በጠበበ ቦታ ታልፋለች። በመንገዱ ሁለት ጫፍ በመካከላቸው 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚተዉ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ቢተከሉ ሥራው አለቀ። ሞተር ብስክሌት በዚያ ይሾልካል፤ እርሱን የሚመልሰው ድንጋይ ሳይሆን የቀበሌው ሽማግሌዎች ስምምነት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ተሰብስቦ የተስማማበት ነገር ከድንጋይ ይጸናል።

ገንዘቡ ለውሃ መውረጃ ይዋል። ዳገት ላይ ያለ የእግር መንገድ ጠላቱ ጎርፍ ነው፤ አንድ ክረምት በመንገዱ መካከል የወረደ ውሃ በሚቀጥለው ክረምት ቦይ ያደርገዋል፣ ከዚያ ገደል። ሰዉም ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ያወጣል፤ ማሳው እየተበላ ይሄዳል። መድኃኒቱ በየጥቂት ሜትሩ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ አግድም የድንጋይ መስመር ነው። ይህን ዕውቀት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ማይባር ላይ በአውሮፓውያኑ 1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከተዳፋት ላይ ውሃ ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ ሲለካበት የኖረ ነው። የአካባቢው ገበሬም እርከን መሥራት ያውቃል። መንገዱንም እንደ ማሳው ቢያየው፣ የሠራበትም ቢከፈለው፣ የማያልቅ ሥራ ነው።

አገራችን ከ2020 እስከ 2029 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ የማድረግ ልምድም ተጀምሮ ነበር። ሁለቱም ደስ ያሰኙኛል፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸው ከተማ ላይ ነው፤ ከመኪና የተወሰደውን መንገድ ለሰው ለመመለስ የሚደክሙ ናቸው። በገጠር ያለው ገና ያልተወሰደ ነው። ያልተወሰደውን መጠበቅ የተወሰደውን ከማስመለስ እጅግ ይረክሳል፤ ይህን የሚያስብ ሰው በየወረዳው አንድ አንድ ቢገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ብስክሌት ይዛ የማያት ሴት ልጅ የለችም ማለት ይቻላል። የእህቴ ልጅ ቦሩ ሜዳ ላይ ለመደች፤ አስፋልት ላይ እንድትነዳ ግን እናቷ አልፈቀደችም። እኔም ብሆን አልፈቅድም ነበር። አርዲቦን ግን ፈቀደች። እዚያ ስትነዳ ልጃገረዶች ከምንጩ ዳር እንስራቸውን አስቀምጠው ከበቧት። አንዷ «ልሞክረው?» አለች። መቀመጫው ከፍ ያለባት ስለነበር ዝቅ አደረግንላት፤ እኔ ከኋላ ይዤ፣ የእህቴ ልጅ ከጎን እየሮጠች፣ ልጅቷ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ጥቂት ሄደች። መኪና ይመጣ ይሆን ብሎ የዞረ ማንም አልነበረም።

በመጪው ጥቅምት፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነስተን ወደ አርዲቦ ልንወጣ አስበናል፤ የአካባቢው ሰዎች ሰላም ነው ካሉን። ከደሴም ከኮምቦልቻም ለመምጣት የምትፈልጉ ብስክሌታችሁን በሚኒባስ አስጭኑ፤ በሐረጎ አትንዱ። ፍሬናችሁን ለባለሙያ አሳዩ፤ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌለው አብረን እንገፋለን። ውሃና ቆሎ ያዙ፤ ትርፍ የውስጥ ጎማ ያለው ለሌለው ያስብ። ሴቶች ልጆቻችሁን አምጡ። መንገድ ላይ ጭነት ያላት አህያ ስታገኙ ከብስክሌት ውረዱና ቁልቁል ባለው ጠርዝ በኩል ቁሙላት፤ ከዳገቱ በኩል ከቆማችሁ የምትደነግጠው ወደ ገደሉ ነው።